ወደ ቀኝ የሚከፈት ውኃ

ሰኞ ማታ

ማስታወሻ መያዝ ሥራ የፈታ ሰው ነገር ነው ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ግን ያየሁትን ለሰው ብናገር ጃጀ ይሉኛል፤ ለራሴም ካልጻፍኩት ሳልጃጅ አልቀርም። ስለዚህ እጽፋለሁ።

ነገሩ የውኃ ነው። ዛሬ አመሻሽ ላይ የጸሎት ቤቱን ልቆልፍ ገብቼ በመድረኩ ሳንቃ ላይ ስራመድ ድምፁ ተለወጠብኝ። ከሥሩ ያለው የጥምቀት ገንዳ ባዶ ሲሆን ሳንቃው እንደ ከበሮ ይጮኻል። ዛሬ ዝም አለ። አንዱን ሳንቃ አነሳሁት። ገንዳው እስከ አፉ ሞልቷል።

እኔ አልሞላሁትም።

ገንዳውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሲሚንቶውን ያቦካሁት፣ ደረጃውን ያወጣሁት፣ ቧንቧውን የዘረጋሁት እኔ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በቧንቧ ሥራ ነው፤ ያስተማረኝ ሰው የለም፣ ያበላሸሁት ቧንቧ ነው ያስተማረኝ። ውኃ ማስገቢያው ቫልቭ ከመድረኩ ሥር ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ ክዳን አለው፣ ክዳኑ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ደረቴን ይቀዘቅዘኛል።

ቫልቩ ደግሞ እንደ ሌላው አይደለም። ከፈረሰ ፋብሪካ ያገኘሁት ነው፤ ጥርሱ በተቃራኒው የተቀረጸ ነው። ዓለም ሁሉ ቫልቭ የሚከፍተው ወደ ግራ አዙሮ ነው። ይህኛው የሚከፈተው ወደ ቀኝ ነው። የማያውቅ ሰው ልክፈት ብሎ ሲያዞረው የባሰ ያጠብቀዋል፤ ከዚያ ዝጓል ብሎ ትቶት ይሄዳል። ይህን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነን። እኔና ልጄ።

ልጄ ሞቷል።

ማክሰኞ

ውኃውን ለቀቅኩት። በዚህ ድርቅ፣ መስመሩ ስንት ቀን ጠፍቶ አንድ ቀን በሚያንጠባጥብበት ጊዜ፣ ውኃ መድፋት ኃጢአት ነው። ስለዚህ ጎረቤቱን ጠራሁ። ማፍሰሻው በጓሮ በኩል ይወጣል፤ ጀሪካን ይዘው ተሰለፉ።

ከጸሎት ቤቱ በር ፊት ለፊት መስኮቷ ሥር የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የምትሰፋ ሴት አለች። ልብስ ሰፊዋ እንላታለን። ምላሷ ከመርፌዋ ይሾላል።

«አባባ፣ ይሄ ውኃ የተጸለየበት ነው ወይስ ያልተጸለየበት?»

«ያው ውኃ ነው። ልብስሽን እጠቢበት።»

«እንግዲህ ቀሚሴ ከእኔ ቀድሞ ዳነ በሉኛ!»

ሁሉም ሳቁ። ለምን እንደምለቀው ግን ማንም አልጠየቀኝም። ያውቃሉ።

እኔም ልጻፈውና ይውጣልኝ። ሾፌሩ ከእስር ወጥቷል። ሰክሮ የጭነት መኪና እየነዳ፣ ልጄን ከሥራ በብስክሌት ሲመለስ መታጠፊያው ላይ የገደለው እሱ ነው። እስር ቤት ሳለሁ አመንኩ ይላል። እናቱ ያለችው እዚሁ ሰፈር ስለሆነ እዚሁ መጣ። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ቃሉን ይሰማል። አሁን ደግሞ ልጠመቅ ብሏል።

መጋቢው ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር። መጋቢ ይባል እንጂ ለእኔ ልጅ ነው፤ በማስመሪያ እየመታሁ ቃሉን ያስተማርኩት ነው።

«አባባ፣ ሰውየው እርስዎ ካልፈቀዱ ውኃ ውስጥ አልገባም ብሏል። ሌላ ጉባኤ ልውሰድህ ብለው እምቢ አለኝ።»

«ጎሽ። እምቢ ማለት ያውቃል ማለት ነው።»

«ቤዛነትን ያስተማሩን እኮ እርስዎ ነዎት። ዋጋው የተከፈለው ለማን ነው ብለው ጠየቁን። እኔ እጄን አውጥቼ ለደግ ሰው አልኩ። እጄን መቱኝ።»

«በደንብ አልመታሁህም።»

«ለባላጋራ ነው አሉ። ለወዳጅማ ማንም ይከፍላል አሉ።»

«ያልኩትን አልረሳሁም። ስማ አንተ ልጅ፤ መዳን በጸጋ ነው። ውኃው ግን በቧንቧ ነው። ቧንቧው በእኔ እጅ ነው።»

አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ባለቤቴ በሩ ጋ ቆማ ሰምታ ነበር።

ሐሙስ

ሞልቷል።

ትናንት ደረቅ ነበር፤ ወለሉን በእጄ ዳብሼዋለሁ። ዛሬ እንደገና እስከ አፉ። ክዳኑ ተቆልፏል፤ አልተሰበረም፣ አልተጫረም። ቫልቩ ተዘግቶ በጨርቅ ተወልውሏል። ጨርቁ ተጨምቆ፣ ለሁለት ታጥፎ ክዳኑ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሥራ ስጨርስ ቫልቭ ወልውዬ ጨርቁን እንደዚያ ማስቀመጥ የእኔ ሕግ ነው። ለአንድ ሰው ብቻ ነው ያስተማርኩት።

ለቀቅኩት።

ዓርብ

ምሳ ላይ ባለቤቴ እጄን ይዛ አገላብጣ አየችው።

«ጣትህ ተሸብሽቧል። ልብስ ሲያጥብ የዋለ ሰው ይመስላል።»

«የሽማግሌ ጣት ምን ሊሆን ኖሯል?»

እጄን ቀስ ብላ ለቀቀችው።

ከምሳ በኋላ ጋደም ማለት ልማዴ ነው። ስተኛ እንደ ድንጋይ ነው። ዛሬ ስነሳ ክንዴ ዝሎ ነበር፤ የሸሚዜ እጅጌም እስከ ክርኔ ርሷል። ሙቀቱ አይጣል ነው። የበሩ መወርወሪያ ተከፍቶ ስላገኘሁት ተቆጣሁ።

«ስንተኛ ዝጊው አላልኩሽም?»

«አየር ይግባ ብዬ ነው።»

ነጠላ ጫማዬንም አሁን አሁን ከአልጋው ሥር አታስቀምጠውም። በሩ ጋ፣ አፉን ወደ ውጭ አዙራ ነው የምታስቀምጠው። ሴት ስታረጅ ዕቃ ማዟዟር ትወዳለች።

ወደ ጸሎት ቤቱ ሄድኩ። የምጽፈው የለም። ሞልቷል።

እሑድ

ትናንት ቀኑን ሙሉ ገንዳውን በጨርቅ ሳደርቅ ዋልኩ። ለጉባኤው ሳንቃውን እኔው ነኝ ያለበስኩት።

ሾፌሩ ከኋላ ነበር። ግዙፍ ሰው ነው፤ ትከሻው በር ይሞላል። ሲቀመጥ ግን ቦታ የሚወስድ እንዳይመስል ይሰበሰባል። ዘፍ ብሎ ቢቀመጥ በቀለለኝ። የሚያስጠላ ነገር ፈልጌ ብዙ አየሁት፤ ያገኘሁት ጥፍሩን ነው፤ ይነክሰዋል።

መጋቢው ሲጸልይ ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። ያኔ ከሳንቃው ሥር ሰማሁት። ውኃ ነው። የሚንቦጫረቅ አይደለም፤ ሰው ቀስ ብሎ ሲገባበት እንደሚያሰማው ነው። አንድ እርምጃ። ሌላ እርምጃ። ከዚያ ቆመ።

እዚያ ላይ ሰው ይቆማል። ሦስተኛው ደረጃ አጭር ነው፤ ሲሚንቶ አልቆብኝ ያሳጠርኩት ነው። የማያውቅ ሰው ያዳልጠዋል፣ የሚያውቅ ሰው ቆም ብሎ በእግሩ ይፈልገዋል። ከሥሬ የነበረው የሚያውቅ ነው።

አሜን ሲባል ዙሪያዬን አየሁ። ማንም ምንም የሰማ አይመስልም። ባለቤቴ ብቻ ወለሉን ታይ ነበር።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ሳንቃውን አነሳሁ። ደረቅ ነው። ሲሚንቶው ነጭ ነው።

ማክሰኞ

ልብስ ሰፊዋ መንገድ ላይ ያዘችኝ።

«አባባ፣ ኩራትዎ ባሰበት። ትናንት በቀትር ሰላም ብዬዎት ዝም ብለው አለፉ።»

«ትናንት በቀትር ተኝቼ ነበር።»

«እግርዎ ግን አልተኛም!» ክሯን በጥርሷ በጠሰችው። «ሰላም እንኳ ባይሉኝ ለምጄዋለሁ። የገረመኝ ሌላ ነው። እያፏጩ ነበር።»

«እኔ አላፏጭም።»

«እንግዲያስ ጆሮዬን ልጥቀመው።»

ዋሽታለች አልልም፤ ቀን አምታታች። ሰው ሰላም ሲለኝ ብዙውን ጊዜ አልመልስም፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሁሉም ቀን ለእሷ አንድ ዓይነት ነው።

ፉጨቱ ግን። የፊት ጥርሴ ከወለቀ ቆይቷል፤ ልሞክር ብል ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣኝ። እዚህ ሰፈር ያፏጭ የነበረው አንድ ሰው ነው። ከሥራ ሲመለስ ከመታጠፊያው ጀምሮ ይሰማ ነበር። እናቱ ፉጨቱን ስትሰማ ነበር ምግብ ማሞቅ የምትጀምረው።

ገንዳው ሞልቷል። ለቅቄ መጣሁ።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ ረጅም እጽፋለሁ። እንቅልፍ የለም።

ስለ ቤዛነት ሳስተምር እንዲህ እል ነበር፦ ቤዛ ማለት አንዱ በሌላው ቦታ መግባት ነው። በደለኛው መቆም የነበረበት ቦታ ላይ ያልበደለው ይቆማል፤ በደለኛው ደግሞ የልጅ ቦታ ያገኛል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሁለት ክብ ሠርቼ መስመር አቋርጬ አሳይ ነበር። ጥሩ ትምህርት ነው። ዛሬም አንድ ቃል አልቀንስበትም።

በሰሌዳ ላይ ክብ ነው። ክቡ ፊት የለውም፣ ጥፍሩን አይነክስም።

የጉባኤው ሽማግሌዎች ትናንት ጠርተውኝ «ይቅር በለው» አሉኝ። ይቅርታ የአፍ ነገር መሰላቸው። ይቅር ብያለሁ ብል ነገ ሻይ ይጋብዙኛል፣ ነገሩም ያልቃል። እኔ ግን ቃሉን ራሴ እየቆፈርኩ ነው የተማርኩት፤ ምን እንደሚጠየቅ አውቃለሁ። የሚጠየቀው ቦታ ነው። ልጄ በወረደበት ደረጃ እሱ ይውረድ ነው። ልጄ የቆመበት ውኃ ውስጥ እሱ ይቁም ነው። ልጄ ሊጠመቅ ሲወርድ እኔ ደረጃው አጠገብ ቆሜ እጁን ይዤ ነበር። የእሱንስ እጅ ማን ሊይዝ ነው?

እግዚአብሔር ተቀበለው ካሉ ይቀበለው። አልከራከርም። ግን እኔን ሳይጠይቅ ቢቀበለው ምን ነበረበት? የእኔ ቁልፍ ለምን አስፈለገ?

ሌላም አስተምር ነበር። የተገዛ ሰው የራሱ አይደለም እል ነበር። ዋጋ ተከፍሎበታል፤ እጁ፣ እግሩ፣ ጊዜው የባለቤቱ ነው። ይህን ስል ድምፄን ከፍ አደርግ ነበር።

ልጄ ከሆነ ገንዳውን የሚሞላው፣ ለማን ነው የሚሞላው? የሞተው እሱ ነው። መከልከል የነበረበት እሱ ነው። እሱ እየሞላ እኔ እለቃለሁ።

ቁልፉን አውልቄ ለባለቤቴ ሰጠኋት። በመቀነትሽ ቋጥሪው አልኳት። ቋጠረችው።

ቅዳሜ

ጠዋት ከቤት ዱቄት ወስጄ የጸሎት ቤቱን ወለል ከበሩ እስከ መድረኩ ነሰነስኩት። በሩን ዘግቼ መጥቼ ምሳ በላሁ፤ ተኛሁ።

አመሻሽ ላይ ሄድኩ። ሞልቷል። ዱቄቱ ላይ ዱካ አለ፤ መጥቷል፣ ተመልሷል። የነጠላ ጫማ ዱካ ነው። የቀኙ ተረከዝ ከውስጥ በኩል ተበልቷል። ተንበርክኬ ለረጅም ጊዜ አየሁት። የልጄ ጫማ እንዲህ ነበር የሚበላው። አረማመዱን የወረሰው ከእኔ ነው።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ነጠላ ጫማዬን እያጠበች ነበር። በዚህ የውኃ ችግር! ተቆጣኋት።

ቁልፉን ጠየቅኋት። ከመቀነቷ ፈትታ አሳየችኝ።

«ለሰው ሰጥተሽዋል?»

«ለሌላ ሰው አልሰጠሁም።»

ጫማዬን ለምን እንደምታጥበው አልጠየቅኋትም።

ሰኞ

የጸሎት ቤቱ ጣሪያ ላይ ያለውን፣ ገንዳው የሚሞላበትን ታንከር በዱላ ለካሁት። ከሥሩ ጥቂት ነው የቀረው። መስመሩ ጭራሽ ጠፍቷል። ገንዳው ከቅዳሜ ጀምሮ እንደሞላ ነው፤ አልነካሁትም። ለምን እንዳልነካሁት አላውቅም።

መጋቢው «ጥምቀቱ እሑድ ቢሆንስ?» አለኝ። ውኃው መቆየቱን እንደ ፈቃድ እንዳይቆጥረው ነገ እለቀዋለሁ።

ረቡዕ ማታ

ትናንት ሳልለቀው ዋልኩ። ዛሬ ጠዋት ለቀቅኩት። ሰው ተሰለፈ። ሾፌሩም መጣ፤ ለአሮጊቶቹ ጀሪካን ሊሸከምላቸው። ሁሉም ሲሄድ እሱ ቀረ። ያን ያህል ተጠግቶኝ አያውቅም።

«አባቴ» አለኝ።

«አባትህ አይደለሁም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።» የያዘውን ጀሪካን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ትናንት ካናገሩኝ በኋላ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ውኃውን ሲለቁት ሳይ ሐሳብዎን እንደቀየሩ ገባኝ። ቅር አልልም፤ ያንን ልንገርዎት ብዬ ነው።»

«ትናንት አላናገርኩህም።»

አየኝ። የሚዋሽ ሰው አስተያየት አውቃለሁ፤ ያ አልነበረም።

«በቀትር ነው። እኔ ወንበር እየወለወልኩ ነበር። እርስዎ ገቡ። ልውጣ ስል በእጅዎ ቆይ አሉኝ። ሳንቃውን አነሱ፤ ውኃውን በእጅዎ ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያ ደረጃው አጠገብ ቆመው እጅዎን ዘረጉልኝ።»

«ምን አልኩህ?»

ጥፍሩን ወደ አፉ ወሰደ፣ መልሶ አወረደው።

«‹ቀስ ብለህ ውረድ፣ ሦስተኛው አጭር ነው› አሉኝ።»

የምቀዳበትን ባልዲ ከማፍሰሻው ሥር አነሳሁት።

«ከዚያስ?»

«‹ልጄ› አሉኝ። ለእኔ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ዓይንዎ እኔን አያይም ነበር። ግን...» አልጨረሰውም።

ባልዲውን እዚያው ጥዬ መጣሁ።

ባለቤቴ ጓዳ ነበረች። ገና ሳልናገር «ነገረህ?» አለችኝ።

«ምንድን ነው የምሠራው?»

«ትተኛለህ። ትንሽ ቆይተህ ትነሳለህ። ጫማህን ታጠልቃለህ፣ ትሄዳለህ። ቁልፉን ከወሰድኩብህ በኋላ፣ አይ፣ ከሰጠኸኝ በኋላ፣ መጥተህ እጅህን ትዘረጋለህ፤ ፈትቼ እሰጥሃለሁ። ሞልተህ ትመለሳለህ። ትተኛለህ።»

«ሰው አያየኝም?»

«ሁሉም ያይሃል። ሰላም ይሉሃል፣ አትመልስም። ነቅተህም አትመልስም። ማን ይወቅልህ?»

ተናደድኩ። የተናደድኩበት ነገር ብዙ ስለሆነ የትኛው እንደሆነ ለየሁት ማለት አልችልም።

«ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

ወንፊቱን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ፊትህን አላየኸውም። ልጁ በሕይወት ሳለ የነበረህ ፊት ነው። እሱን ቀስቅሼ ይሄንን ላምጣ?»

ስወጣ አንድ ነገር ጠየቅኋት።

«ልብስ ሰፊዋ እያፏጩ ነበር አለችኝ። እኔ ነኝ?»

«አንተ ማፏጨት ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«እኔም ሰምቼዋለሁ» አለችኝ፤ ጀርባዋን ሰጥታ።

ሐሙስ

አልተኛሁም። ከምሳ በኋላ ጀርባዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ቁጭ አልኩ። ገንዳው ደረቅ ነው።

ዓርብ

አልተኛሁም። ደረቅ ነው። ዝም ያለ ቀን። ወደ መታጠፊያው ጆሮዬን ጥዬ ስጠብቅ ራሴን አገኘሁት። ማንን ነው የምጠብቀው?

አንድ ነገር እያብሰለሰልኩ ነው። የተገዛ ሰው እጁ የራሱ አይደለም ብዬ ሳስተምር፣ እጄን እኔ እምቢ ስል ሌላ የሚያዘው እንዳለ እያስተማርኩ መሆኔን አላሰብኩም። ሲያዘውም እንዲህ እንደሚሆን አላሰብኩም። በቀትር፣ በሰው ፊት፣ ጫማ አጥልቆ።

ያስፈራኛል። ሞት እንዲህ አያስፈራኝም።

ቅዳሜ

ከምሳ በኋላ ተነሳሁ። ነቅቼ። ጫማዬ በሩ ጋ አፉን ወደ ውጭ አዙሮ ነበር። ባለቤቴ ቁልፉን ሳልጠይቃት ሰጠችኝ፤ ዓይኔን ትክ ብላ አየች። ነቅቼ እንደሆነ ልታጣራ ነው። አዘነች ወይስ ደስ አላት፣ አልለየሁትም።

ክዳኑን ከፍቼ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ በደረቴ ተኛሁና ቫልቩን ያዝኩ። አልንቀሳቀስ አለ። በእንቅልፌ ስከፍተው የከረምኩት ቫልቭ! ወደ ቀኝ ነው የማዞረው፤ አልተሳሳትኩም። ክንዴ እንቢ አለኝ። ታገልኩ። ላቤ ጉድጓዱ ውስጥ ተንጠባጠበ።

ሾፌሩ ከኋላ ወንበር እየጠገነ ነበር። መኖሩን ስገባ አይቻለሁ።

«አንተ» አልኩት። «ና ወዲህ።»

መጣ። አጠገቤ በደረቱ ተኛ። እጁን ልኮ እጀታውን ያዘና እንደ ሰው ሁሉ ወደ ግራ ሊያዞር ሞከረ። የባሰ አጠበቀው። እንደገና ሞከረ።

«ዝጓል» አለኝ።

ዝም ብል ኖሮ ነገሩ እዚያ ያበቃ ነበር። ዝጓል ብሎ ይሄድ ነበር፤ ገንዳው ደረቅ ይቀር ነበር፤ እኔም ሞክሬ ነበር እል ነበር። ይህን ሁሉ በዚያች ትንፋሽ መሃል አስቤዋለሁ። ከልጄና ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። ከነገርኩት ሁለት የነበርነው ሁለት ሆነን እንቀጥላለን፤ ሁለተኛው እሱ ይሆናል።

«ወደ ቀኝ ነው» አልኩት።

«ወደ ቀኝ?»

«ደንቆሮ ነህ? ወደ ቀኝ አልኩህ! ይኼኛው ወደ ቀኝ ነው የሚከፈተው።»

አዞረው። ውኃው ከላይ በቧንቧው ውስጥ እየጮኸ ወረደ።

ብዙ አልሄደም። ታንከሩ አለቀ፤ ገንዳው ከጉልበት በላይ አልሞላም። የለቀቅኩት ውኃ ሁሉ ዕዳ ሆነብኝ ብዬ ቁጭ አልኩ። ሾፌሩ ቫልቩን ዘጋ። ጨርቁን ወስዶ ወለወለው፤ ጨመቀው። እንዴት እንደሚያጥፈው አላወቀም። አሳየሁት።

አመሻሽ ላይ ልብስ ሰፊዋ ጀሪካን እየጎተተች ገባች። ከኋላዋ ሌሎች ነበሩ።

«የወሰድነውን መልሰናል። ቀሚሴን ያጠብኩበትን ግን አልመልስም፣ እሱ ድኗል!»

ተራ በተራ እየገለበጡ እስከ ወገብ ሞሉት። ይበቃል።

እሑድ ማታ

ሳንቃው ተነስቶ ነበር። መጋቢው ውኃ ውስጥ ቆሞ ጠበቀ። ሾፌሩ ደረጃው አፍ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ወደ እኔ አየ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ። እናቱ ከወንበሯ ተነስታ እንደገና ተቀመጠች።

ተነስቼ ሄድኩ። ደረጃው አጠገብ ቆምኩ፤ ድሮ የቆምኩበት ቦታ ነው። እጄን ዘረጋሁ። መዳፉ ሸካራ ነው።

«ቀስ ብለህ ውረድ» አልኩት። «ሦስተኛው አጭር ነው።»

ሌላውን ቃል አልጨመርኩም። ጠብቆት ነበር፤ ዓይኑ ላይ አይቻለሁ። አልወጣኝም። ነቅቼ ነበር።

ይቅር አልኩት ብዬ እዚህ አልጽፍም። ያልሆነውን አልጽፍም። እጁን ይዤ እስከ ሦስተኛው ደረጃ አደረስኩት፤ የሆነው ይኼ ነው።

ከውኃው ሲወጣ ሁሉም ዘመረ። ከዝማሬው ሥር፣ ከበሩ ውጭ፣ ከመታጠፊያው በኩል ፉጨቱን ሰማሁት። ዞሬ ባለቤቴን አየኋት። እሷም ወደ በሩ ዞራ ነበር። ወዲያው ራቀ።

ማክሰኞ

ገንዳው ደረቅ ነው። ሳንቃው ስረግጠው ይጮኻል፣ እንደ ድሮው።

ልብስ ሰፊዋ ሰላም አለችኝ። ሰላም አልኳት። መርፌዋ ከእጇ ወደቀ።

«እንዴ አባባ! ተኝተው ነው?»

ትናንት ከምሳ በኋላ ተኝቼ ነበር። ስነቃ እጅጌዬ ደረቅ ነው። ጫማዬ ከአልጋው ሥር ነው።

«ወጥቼ ነበር?» አልኳት ባለቤቴን።

«አልወጣህም። እንደ ድንጋይ ተኝተህ ዋልክ።»

«የሰማሽው ነገርስ የለም?»

«የለም» አለችኝ።

ዛሬም ምሳ በላን። ዘንድሮ ዝናብ ይመጣል አይመጣም ተነጋገርን። ልተኛ ስል ጫማዬን አውልቄ ሰጠኋት።

«በሩ ጋ አስቀምጪልኝ» አልኳት። «አፉን ወደ ውጭ አዙረሽ።»

አስቀመጠችው። መወርወሪያውንም ከፈተችው።